አይዳ ዘንድሮም እንደ ድሮው? ለከተማችን ኦፔራ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኦፔራ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ለኪነ ጥበብ ኃላፊው፣
ለቦርዱ አባላት በሙሉ፣

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በከተማዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። በእናንተ ቋንቋ የተጻፈውን ቅጂ ጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል። እዚህ በአማርኛ የምናወጣው ወገኖቻችን፣ በተለይም ልጆቻቸው መድረካችሁ ላይ የቆሙ ወላጆች፣ በስማቸው ምን እንደተጠየቀ እንዲያውቁ ብለን ነው።

ያስነሳን የመጪው ዓመት የትርኢት ፕሮግራማችሁ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አይዳ የሚባለው ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ድራማ) አለ። ዓመቱን የሚከፍተው እሱ ነው። ስሙን ስናይ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ከሥሩ ግን ባለፈው ጊዜ የታየው ዝግጅት ያለ ለውጥ እንደሚመለስ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ፖስተሩ ላይም ያው ቡናማ የተቀባ ፊት አለ።

አንድ ዝግጅት ደግሞ ማሳየት ወጪ እንደሚቆጥብ ይገባናል። ልብሱ ተሰፍቷል፣ የመድረኩ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፣ ዘፋኝ መቅጠር ብቻ ነው የሚቀረው። ለእኛ ግን ያ ዝግጅት ማለት መድረኩ ላይ ምርኮኛ ሆነው፣ እጃቸው በገመድ ታስሮ አንገታቸውን ደፍተው ያለፉ ልጆቻችን ናቸው። ትርኢቱ ያለቀ ሰሞን ከእናንተ ጋር ተቀምጠን አንድ ከሰዓት ሙሉ ተነጋግረናል። ቅሬታችንን በማስታወሻ ያዛችሁ። ዝግጅቱ ዳግም ከመታየቱ በፊት እንደምትጠሩን ቃል ገባችሁ። ከዚያ ወዲህ የደወለልን የለም። መመለሱን የሰማነው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከፖስተር ነው።

አይዳን ለማያውቁ ወገኖቻችን ታሪኩን ባጭሩ እንንገር። ሙዚቃው የጣሊያናዊው የጁሴፔ ቬርዲ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት የንጉሡ ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ሆናለች። የማን ልጅ እንደሆነች ግን እዚያ የሚያውቅ የለም። ራዳሜስ የሚባል የግብፅ የጦር አዛዥ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። አምኔሪስም እሱኑ ትወዳለች። ራዳሜስ በኢትዮጵያ ላይ ዘምቶ ድል አድርጎ ይመለሳል። ከምርኮኞቹ መካከል ማንነቱን የደበቀው አሞናስሮ፣ የአይዳ አባት፣ አለ። በመጨረሻ ራዳሜስ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ምስጢር በማውጣቱ ከነሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል። አይዳ ቀድማው መቃብሩ ውስጥ ገብታ ትጠብቀዋለች። አብረው ይሞታሉ።

አይዳ ይቅር የሚል ሰው በመካከላችን የለም። ይህን አስረግጠን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ባለፈው ስብሰባ ላይ ከእናንተ ወገን አንድ ሰው ኦፔራውን ልታስከለክሉ ነው ወይ ብሎ ጠይቆናል። ከማኅበራችን አባላት አንዲት እህት ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። ባለፈው ጊዜ ርካሹን የመቆሚያ ቲኬት ገዝታ ከላይ ሆና አየች። የሚዘፈንበትን ቋንቋ አታውቅም። ሦስተኛው ክፍል ላይ አይዳ ብቻዋን ዓባይ ዳር ቆማ አገሯን ዳግም እንደማታይ ስትዘፍን ግን ምን እያለች እንደሆነ የነገራት ሰው አላስፈለጋትም። ያቺ ልጅ እንደኔው ናት አለችን። በሰው ቤት እያገለገለች፣ የሆዷን የምታዋየው ሰው ሳይኖራት፣ የአባቷን ማንነት ደብቃ የምትኖር ሴት ለእኛ የሩቅ ዘመን ተረት አይደለችም። የብዙዎቻችን እህት ናት። ስለዚህ አይዳ ይታይ። በደንብ ይታይ። ቅሬታችን የሚነሳው ከዚህ ፍቅር ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

የመጀመሪያው የፊት ቅባቱ ነው። ባለፈው ዝግጅት አይዳ ሆና የዘፈነችው ሴት፣ አሞናስሮ የሆነው ዘፋኝና የምርኮኞቹ ዳንሰኞች ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና ክንዳቸውን ቡናማ ተቀብተው ነው የወጡት። ግብፃውያኑ ግን አልተቀቡም። ልጆቻችን በተፈጥሮ ቆዳቸው ከተቀቡት ጎን ተሰልፈው ቆሙ። አንድ እናት ለልጇ የሰጠችውን ነጠላ ወደዚያ ስብሰባ ይዛ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ትከሻው ላይ የሰው እጅ የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ፤ ከአንዱ ዳንሰኛ ክንድ የተጋባ ቅባት ነው። በሳሙናም በበረኪናም አልለቀቀም። እናንተም አያችሁት። ከመካከላችሁ አንዱ የላውንደሪውን እንከፍላለን አለ። እሷ ግን የላውንደሪ ገንዘብ ፈልጋ አልነበረም የመጣችው።

ቅባቱ የኦፔራ ባህል ነው፣ ድሮም የነበረ ነው ብላችሁናል። ድሮ የነበረ ሁሉ እንደነበረ አልቀረም። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦቴሎን፣ ዋናው ባለታሪክ ጥቁር የሆነበትን የቬርዲ ኦፔራ፣ ሲያዘጋጅ ዋናው ዘፋኝ ፊቱን ሳይቀባ እንዲዘፍን ወስኗል። በ2022 ጣሊያን ያለው የቬሮናው አሬና በአይዳ ትርኢቱ ፊት ማስቀባቱን ስላልተወ አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ (ቀጭኑን የሴት ድምፅ የምትዘፍን) ኤንጀል ብሉ እዚያው ሌላ ኦፔራ ላይ ልትዘፍን ከነበረበት ራሷን አግልላለች። በዚያው ዓመት ለንደን ባለው የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ሮበርት ካርሰን ያዘጋጀው አይዳ ፒራሚድም የተቀባ ፊትም አልነበረበትም፤ ታሪኩን ወደ ዘመናችን ወታደራዊ መንግሥት አምጥቶ ነው ያሳየው። ሙዚቃው ምንም አልጎደለበትም። አይዳን አይዳ የሚያደርጋት ድምፁ ነው። የማንም አገር ዘፋኝ ትዝፈናት፣ ነጭ ትሁን ቻይናዊት፣ እኛ ቅር አይለንም። ቆዳችንን እንደ ልብስ ለብሳ አትውጣብን ነው የምንለው።

ሁለተኛው የአጃቢ ተዋንያኑ ጉዳይ ነው። ባለፈው ጊዜ ለማኅበራችን በኢሜይል ጥሪ ላካችሁ። ጥሪው የሚለው ለምርኮኛነት የሚሆኑ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ወጣቶች ይፈለጋሉ ነው። መዝፈን መቻል፣ መደነስ መቻል፣ ልምድ፣ ምንም አልተጠየቀም። ልጆቻችን ትልቁን መድረክ ለማየት ጓጉተው ሄዱ። እኛም ላክናቸው። ከልምምድ ሲመለሱ ነው ነገሩን የሰማነው። የድሉ ሰልፍ ላይ፣ ያ በመላው ዓለም የታወቀው የመለከት ሙዚቃ ሲነፋ፣ እጃቸው በገመድ ታስሮ ሁለት ሁለት ሆነው ያልፋሉ። ቀና ብለው ተመልካቹን እንዳያዩ በተደጋጋሚ ተነግሯቸዋል። አንዱ ልጅ ቀና በማለቱ ሰልፉ ከመጀመሪያው እንዲደገም ተደርጓል። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።

የግብፅ ወታደር የሆኑት ወጣቶች ደግሞ በሌላ መንገድ የተመለመሉ ናቸው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ልጆቹ እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ወሬው ወጣ። ወታደሮቹ ለእያንዳንዱ ምሽት አበል ይከፈላቸዋል። ምርኮኞቹ ለቤተሰብ የሚሆን ሁለት ሁለት ቲኬት ነው የተሰጣቸው። ይህን ስንጠይቃችሁ ወታደሮቹ የሰልፍ ሥልጠና ስለወሰዱ ነው አላችሁን። ምርኮኞቹም እኩል ቀን ተለማምደዋል። እኩል ሰዓት መድረክ ጀርባ ቆመዋል። ከዚህ በላይ ምን ማለት እንዳለብን አናውቅም።

ሦስተኛው ልብሱና መስቀሉ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ከምር አዝነናል። የልብስ ክፍላችሁ ለመነሻ ይሆነናል ብሎ ነጠላ፣ ጥልፍ ቀሚስና አንድ የእጅ መስቀል ከእኛ ተዋሰ። በደስታ ሰጠን። ምን ሊደረግ እንደሆነ አልተነገረንም። መድረክ ላይ ስናየው ነጠላው ምርኮኞቹ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት ሥር ተደርጎ ተጠቅልሏል። እኛ ዘንድ ጥለት ወደ ላይ የሚደረገው ለለቅሶ ነው። አዘጋጁ ይህን አውቆ የሐዘን ምልክት አድርጎት ከሆነ እሰየው፣ ብልህ ሐሳብ ነበር። ስንጠይቀው ግን ቀለሙ ከሩቅ እንዲታይ ነው አለን። መስቀሉ ደግሞ ከምርኮው ዕቃ ጋር በቅርጫት ገብቶ የግብፁ ንጉሥ እግር ሥር ተወረወረ። በየምሽቱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ድምፁ እስከ ሰገነቱ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ አንድ አባት ይህን አይተው ተነስተው ወጥተዋል።

የኦፔራው ታሪክ በፈርዖኖቹ ዘመን ነው፣ የዛሬዋን ኢትዮጵያ አይመለከትም ብላችሁ መልሳችሁልናል። እውነት ነው። የታሪኩን መነሻ ሐሳብ ያወጣው ፈረንሳዊው የጥንታዊ ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት ነው። ራዳሜስ የሚያወጣው የጦር መንገድ የሚያልፍባት ናፓታም በዛሬዋ ሱዳን፣ በጥንቱ የኩሽ ምድር ናት። ይህን እናውቃለን። ታዲያ መስቀሉ ከየት መጣ? አክሱም ክርስትናን የተቀበለችው በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ነው። ፈርዖኖቹ ያኔ ካለፉ ቆይተዋል። ቅሬታ ስናቀርብ ታሪኩ የእናንተ አይደለም ትላላችሁ፤ ልብስና ንዋየ ቅድሳት ሲያስፈልግ ደግሞ ወደ እኛ ትመጣላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

አራተኛው ለተመልካች የምትሸጡት የትርኢቱ መጽሔት ነው። በዚህኛው ላይ ትንሽ ረዘም እንላለን፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ትርኢቱን አይቶ ቤቱ ይዞት የሚገባው ያንን ነው።

መጽሔቱ አይዳ ለስዌዝ ቦይ ምረቃ ተጻፈ ይላል። ይህ በየቦታው የሚደጋገም ስሕተት ነው። ቦዩ የተመረቀው በኖቬምበር 1869 ነው። የካይሮው ኦፔራ ቤትም በዚያው ወር ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን በቬርዲ ሌላ ሥራ፣ በሪጎሌቶ ነው። አይዳ የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ያዘዘው የግብፁ ገዥ ኬዲቭ ኢስማኤል ነው። ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ከፍሎታል። በጃንዋሪ 1871 ሊታይ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ የተሠራው ፓሪስ ነበርና የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲከብ እዚያው ቀረ። በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ትርኢት ወደ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ተገፋ። ቬርዲ ራሱ ካይሮ አልሄደም።

ስሕተቱ ቶሎ የሚታረም ነው። የከበደን የተዘለለው ነው። መጽሔቱ ስለ ኬዲቭ ኢስማኤል ሁለት ገጽ ጽፏል። ካይሮን እንደ ፓሪስ ሊያደርግ እንደፈለገ፣ ሥልጣኔ ወዳድ እንደነበረ ያወራል። ከዚያ ያቆማል። እኛ ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቃለን።

ኢስማኤል ኢትዮጵያውያን ሲሸነፉ የሚያሳይ ኦፔራ አሳይቶ ብቻ አልቀረም። ምፅዋን መነሻ አድርጎ እውነተኛ ጦር ላከ። የመጀመሪያውን ጦር ዴንማርካዊው ኮሎኔል አረንድሩፕ መራው። በኅዳር 1868 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1875፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጉንደት ላይ ገጠመው። አረንድሩፕ እዚያው ሞተ፤ ጦሩም አለቀ። ካይሮ ላይ አይዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ኢስማኤል በዚህ አልተመለሰም። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው አሰልፎ እንደገና ላከ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ ነበር። የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን አብሮ ዘመተ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በግብፅ ጦር የተቀጠሩ አሜሪካውያን መኮንኖችም ነበሩበት፤ ጄኔራል ሎሪንግ አንዱ ነው። በማርች 1876 ጉራ ላይ ውጊያው ሆነ። ያም ጦር ተሸነፈ። በነዚያ ጦርነቶች ስማቸው ከወጣው አንዱ ኋላ ራስ የተባሉት አሉላ ናቸው። ግብፅ ቀድሞም ዕዳ ተጭኗት ነበር፤ ዘመቻው አባሰው። ኢስማኤል ራሱ በ1879 ከሥልጣን ተወገደ።

ይህን የምናነሳው ለፉከራ አይደለም። እዚያ ካለቁት የግብፅ ወታደሮች ብዙዎቹ ከእርሻቸው በግድ የተወሰዱ ድሆች ነበሩ። የእነሱም እናቶች አልቅሰዋል። ጉራ ደግሞ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናት፤ ታሪኩ በዚህች ከተማ ያሉ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ታሪክ ነው። የምንለው አንድ ነገር ነው። መድረኩ ላይ የታሰሩትን ኢትዮጵያውያን ያሳየ ሰው፣ ኦፔራውን ያዘዘው ገዥ በተግባር ሲሞክረው ምን እንደገጠመው ለተመልካቹ መንገር አለበት። ሁለት ገጽ ለኢስማኤል ከበቃ ግማሽ ገጽ ለጉንደትና ለጉራ አይጠፋም። ተመልካቹም ይጠቀማል። የድሉ ሰልፍ ሲያልፍ ያ ሁሉ ድምቀት ምን ያህል ምኞት እንደነበረ ያውቃል። እንደ እኛ ከሆነ ሙዚቃው ያኔ የበለጠ ይከብዳል።

የሕፃናቱ ቅጂ ደግሞ የባሰ ነው። ለትምህርት ቤቶች በምታሳዩት የቀን ትርኢት የታደለው በራሪ ወረቀት ላይ ግብፃውያኑ በስም አሉ፤ የእኛዎቹ "የኢትዮጵያ ባሪያዎች" ተብለው በጅምላ ተጽፈዋል። አይዳ የንጉሥ ልጅ መሆኗ አልተጻፈም፤ ታሪኩ ያለ እሱ ምንም ትርጉም የለውም። ከልጆቻችን አንዷ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሄዳ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት በዚያ ስም ጠሯት። አስተማሪዋ ጣልቃ ገብታ አስቆመችው። እናንተ ግን ወረቀቱን ዛሬም አልቀየራችሁትም።

አምስተኛው የሥራ ዕድል ነው። ከእኛ ልጆች አንዲት ሶፕራኖ አለች። በዚህችው ከተማ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ተምራ ተመርቃለች። ለኅብረት ዘፋኞቻችሁ ኦዲሽን እንድትገባ ሁለት ዓመት በተከታታይ አመለከተች። በሁለቱም ጊዜ ቦታ የለም የሚል መልስ ደረሳት፤ ድምፅዋን የሰማ ሰው የለም። በሦስተኛው ደብዳቤ ጠራችኋት። ለምርኮኛነት ነው። ድምፅ ለማይወጣው ለዚያ ሰልፍ። ቦታ አለመኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ክፉ አናስብም። ነገር ግን መዝፈን የተማረችን ልጅ ዝም ብላ እንድታልፍ መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ ባልላከው ነበር። ልጅቷ አሁን ሌላ ከተማ ውስጥ እየዘፈነች ነው።

ስለ ቡናውም እንናገር። ባለፈው ጊዜ አንዱን ምሽት የኢትዮጵያውያን ምሽት ብላችሁ ቲኬት በቅናሽ አወጣችሁ። የሴቶች ዕድራችን በዕረፍቱ ሰዓት መግቢያው አዳራሽ ላይ ቡና እንድታፈላ ጠየቃችሁ። እናቶቻችን ረከቦቱን፣ ሲኒውን፣ ጀበናውን ተሸክመው በአውቶቡስ መጡ። ቄጤማ ከየት ተፈልጎ እንደመጣ እነሱ ያውቃሉ። ሲደርሱ የእሳት አደጋ ደንብ አለ ተብሎ ከሰሉም ዕጣኑም ተከለከለ። ይህ ደንብ ቀድሞ አይታወቅም ነበር? በመጨረሻ በቴርሞስ የመጣውን ቡና በወረቀት ኩባያ ሲቀዱ አመሹ። ክፍያ አልነበረም፤ ለአውቶቡሱ እንኳ። ትርኢቱንም አላዩም፤ ዕረፍቱ እስኪደርስ ዕቃ ሲጠብቁ ነበር። ፎቶግራፋቸው ግን በዓመታዊ ሪፖርታችሁ ሽፋን ላይ ወጥቷል፤ ከማኅበረሰቡ ጋር ያላችሁን ትብብር ለማሳየት። እንግዲህ ትብብር ከተባለ፣ የመድረኩን ሥራ ስታቅዱም ጠርታችሁ አማክሩን። ለቡና ብቻ አንጠራ።

ሌሎችም ነገሮች አሉ፤ የተርጓሚ እጥረት፣ ያልተመለሰው ጥልፍ ቀሚስ፣ መልስ ያላገኙ ኢሜይሎች። እነዚህ በስልክ የሚያልቁ ናቸውና እዚህ አንዘረዝራቸውም። መስቀሉ ግን ይመለስልን። የአንድ ቤተሰብ የአያት ቅርስ ነው።

አሁን የምንጠይቃችሁን እንናገር።

ከሁሉ በፊት በመጪው ዓመት የፊትና የገላ ቅባቱ እንዲቀር እንጠይቃለን። ለዚህ አዲስ ልብስም አዲስ ዕቃም አያስፈልግም፤ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። የተቀባው ፊት ያለበት ፖስተርም ከከተማው ይነሳ።

አጃቢ ተዋንያን በቆዳ ቀለም አይመልመሉ። ወታደርም ይሁኑ ምርኮኛ እኩል ይከፈላቸው። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት በታች የሆኑ ልጆች አይታሰሩ። ከእኛ ልጆች ወታደር መሆን የሚፈልግ ካለም ወታደር ይሁን፤ ከሌላው ማኅበረሰብ ምርኮኛ የሚሆን አይጠፋም። አሞናስሮና ሰዎቹ ቀና ብለው ይሂዱ። ቬርዲ ለአሞናስሮ የጻፈለት ሙዚቃ አንገቱን የደፋ ሰው ሙዚቃ አይደለም።

መስቀሉ ከትርኢቱ ይውጣ። ነጠላው ይቆይ ካላችሁ አለባበሱን ከእናቶቻችን ጠይቁ፤ አንድ ከሰዓት አይፈጅም።

የትርኢቱ መጽሔት ይታረም። ጉንደትና ጉራ ይግቡ። ጽሑፉን የታሪክ ምሁር ይጻፈው፤ ከእኛ ወገን ቢሆን ደስ ይለናል፣ ግብፃዊ ቢሆንም ቅር አይለንም፣ እውነቱ ይጻፍ እንጂ። የልጆቹ ወረቀት ደግሞ ከመስከረም በፊት ተሰብስቦ ሌላ ይታተም።

የእኛ ልጆች እንደ ማንኛውም አመልካች በድምፃቸው ይፈተኑ። ቦታ ይሰጠን አላልንም። ይሰሙ ነው ያልነው።

ቡናው እንዲኖር ከፈለጋችሁ የሴቶች ዕድሩን በውል ቅጠሩ። ከሰል የማይፈቀድ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ያውቃሉ። ትርኢቱን የሚያዩበት ወንበርም ይያዝላቸው።

በመጨረሻም ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ከአዘጋጁ፣ ከልብስ ክፍሉ ኃላፊና ከመጽሔቱ አዘጋጅ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠን መነጋገር እንፈልጋለን። ባለፈው ጊዜ የተወከሉት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች በትሕትና ሰምተውናል፤ የመወሰን ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። በዚህኛው ስብሰባ የሚወስን ሰው ይገኝ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቅጂው ለሁለታችንም ይሰጥ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከዚህ ወር መጨረሻ እንጠብቃለን። እስኪደርሰን ድረስ ማኅበራችን ለአጃቢነት ማንንም አይልክም፤ ዕቃም አያውስም። የፊት ቅባቱ ሳይቀር ትርኢቱ ከተከፈተ በመክፈቻው ምሽት በራችሁ ላይ እንቆማለን። የማንንም መግቢያ አንዘጋም፤ ድምፅም አናሰማም። መጽሔታችሁ የዘለለውን ታሪክ በአንድ ገጽ አትመን ለሚገባው ሰው ሁሉ በነፃ እንሰጣለን። ጥያቄያችን ከተመለሰ ግን ቲኬታችንን በሙሉ ዋጋ ገዝተን እንገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የከተማው ኢትዮጵያውያን ማኅበር የባህል ክፍል አስተባባሪዎች
ባለፈው ትርኢት የተሳተፉ ወጣቶች ወላጆች ተወካዮች
የሴቶች ዕድር ሰብሳቢና ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለከተማው አስተዳደር የባህል ጉዳዮች ክፍል
ለኦፔራ ቤቱ የኅብረት ዘፋኞች የሠራተኛ ማኅበር